በሁለት እንጨት መብላትን ስለ መማር

መግቢያ

የሰው ልጅ ሁሉ ምግብ ይበላል፤ ምግቡን ከገበታ ወደ አፉ የሚያደርስበት መንገድ ግን በየአገሩ የተለያየ ነው። የምግብን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት በዚህ ረገድ ዓለምን በሦስት ታላላቅ ክፍሎች ይመድቧታል። አንደኛው በእጁ የሚበላው ክፍል ሲሆን፣ የኛ አገር፣ ሕንድ፣ የዐረብ አገሮችና ሌላውም የአፍሪቃ ብዙ ክፍል በዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ። ሁለተኛው በቢላዋ፣ በሹካና በማንኪያ የሚበላው የአውሮፓና የአሜሪካ ሕዝብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች የሚበላው የምሥራቅ እስያ ሕዝብ ሲሆን፣ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ኮሪያንና ቬትናምን ያጠቃልላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ሦስተኛውን ክፍል ነው።

መሣሪያውን እንግሊዞች ቾፕስቲክ ይሉታል። ቻይናዎች ኳይዙ፣ ጃፓኖች ሐሺ፣ ኮሪያዎች ጆትካራክ፣ ቬትናሞች ዱዋ ብለው ይጠሩታል። እኛ ግን ለአንባቢ እንዲቀል «የመብል እንጨት» እያልን እንጽፋለን፤ ከብረት ወይም ከዝሆን ጥርስ የተሠራም ቢሆን ስሙን አንለውጥም። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ይህን አበላል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ባዕድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አሳቦች በአንዱ ይያዛል። ወይም «ይህ ሙያ ለእነርሱ ከተፈጥሮ የተሰጠ ነው፤ እኛ አንችለውም» ይላል፤ ወይም ደግሞ ነገሩ የጣት ቅልጥፍና ብቻ መስሎት ሁለት ቀን ተለማምዶ የጨረሰው ይመስለዋል። ሁለቱም አሳቦች የተሳሳቱ መሆናቸውን ለማሳየት እንሞክራለን። እንደኛ አስተያየት በእንጨት መብላት በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ሙያ ነው። እነርሱም ምግቡን አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ማድ ቤት፣ እንጨቱን የሚይዘው እጅ፣ ልጁም በታላላቆቹ እየታረመ የሚያድግበት ገበታ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የተናጋ እንደ ሆነ ሙያው ሺሕ ዓመት የኖረ እንኳ ቢሆን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይናጋል። ለዚህም የጃፓን ትምህርት ቤቶች ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

1. ቻይናዎችም በእጃቸው ይበሉ ስለ ነበረ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ታሪካዊ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ይኸውም የመብል እንጨት በቻይና እጅግ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ቻይናዎች ከጥንት ጀምረው ምግባቸውን ሁሉ በእርሱ ይበሉ እንዳልነበረ ነው።

በሰሜን ቻይና በአንያንግ ከተማ አጠገብ የሻንግ ነገሥታት መናገሻ የነበረው ቦታ በተቈፈረ ጊዜ ከነሐስ የተሠሩ ዘንጎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1200 ዓመት ግድም ይገመታል። ከዚያም እጅግ ቀደም ካለው ከድንጋይ ዘመን የተገኙ የአጥንት ዘንጎች ስላሉ፣ እነዚህንም የመብል እንጨት ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎች እንደሚገምቱት የመጀመሪያዎቹ ዘንጎች ዋና አገልግሎት ከፈላ ድስት ውስጥ ምግብ ማማሰልና ማውጣት ነበረ እንጂ በገበታ ላይ መጉረሻ መሆን አልነበረም።

በሐን ነገሥታት ዘመን ተሰብስቦ የተደራጀው «ሊጂ» የተባለው የሥነ ሥርዐት መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል። ይህ መጽሐፍ አትክልት ያለበትን ሾርባ የሚበላ ሰው በእንጨት እንዲጠቀም፣ አትክልት የሌለበትን ግን በእንጨት እንዳይነካ ያዝዛል። ዳጉሳን የመሰለውን ደቃቅ እህል በእንጨት መብላትንም ይከለክላል። ከሌሎች ጋራ ከአንድ ዕቃ የሚበላ ሰውም ለእጁ ንጽሕና እንዲጠነቀቅና እህሉን በእጁ እያድቦለቦለ እንዳይጐርስ ይመክራል። እንግዲህ ስለ እጅ ንጽሕናና ስለ ጉርሻ መጠን የሚደነግግ መጽሐፍ የተጻፈው በእጁ ለሚበላ ሕዝብ መሆኑ ግልጽ ነው። በመሶብ ዙሪያ ያደገ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለውን ምክር ሲሰማ የእናቱን ተግሣጽ የሰማ ይመስለዋል።

ታዲያ እንጨቱ እጅንና ማንኪያን እንዴት አሸነፈ? ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለት ምክንያቶች ይሰጣሉ። አንደኛው ዱቄት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ206 እስከ ከልደት በኋላ 220 ዓ.ም. በቈየው በሐን ዘመን የስንዴ ወፍጮ እየተስፋፋ ስለ ሄደ፣ ኑድልስ የሚባለው ፓስታን የመሰለ የሊጥ ክርና በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ ተለመደ። ይህንንም ከፈላ ውሃ አውጥቶ ለመብላት ከእንጨት የተሻለ መሣሪያ አልተገኘም። ሁለተኛው ሩዝ ነው። የሰሜኑ ደቃቅ እህል ሲበስል የሚበታተን ወይም እንደ ገንፎ የሚሆን ስለ ሆነ ማንኪያ ይፈልግ ነበር፤ የደቡቡ ሩዝ ግን እርስ በርሱ የሚያያዝ ስለ ሆነ በእንጨት ሊነሣ ቻለ። ሩዝ በሰሜንም እየተወደደ በሄደ መጠን ማንኪያ ወደ ሾርባ ብቻ ተመለሰ። ይህም ለውጥ ከ1368 እስከ 1644 በገዙት በሚንግ ነገሥታት ዘመን ተፈጸመ ይባላል።

የስሙም ታሪክ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ጥንታዊው የቻይና ስም «ጁ» ነበር፤ ይህ ድምፅ ግን «ቆመ» ከሚለው ቃል ጋራ ይመሳሰላል። በወንዝ ላይ ለሚሠሩ ጀልበኞች የጀልባ መቆም ክፉ ዕድል ስለ ሆነ፣ ስሙን ገልብጠው ፍጥነትን በሚያመለክት ቃል «ኳይ» አሉት። ሉ ሮንግ የተባለ የ15ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊ ይህንኑ መዝግቦ አቈይቶልናል። የዛሬው «ኳይዙ» የተባለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

2. የማድ ቤቱ ድርሻ

በእንጨት የሚበላ ሰው በገበታ ላይ ቢላዋ አይፈልግም፤ ቢላዋው ሥራውን በማድ ቤት ጨርሷልና። ሥጋውም አትክልቱም አንድ ጉርሻ በሚያህል መጠን ተቈራርጦ ይሠራል፤ ዓሣም ሙሉውን ሲቀርብ በእንጨት ጫፍ ሊላቀቅ እስኪችል ድረስ በስሎ ይቀርባል። ብዙ ጸሐፊዎች የዚህን ልማድ መነሻ ከማገዶ ጋራ ያያይዙታል፤ በቀጭኑ የተከተፈ ምግብ በብርቱ እሳት ላይ በጥቂት ደቂቃ ስለሚበስል ማገዶ ይቈጥባልና። ምክንያቱ ይህ ይሁን ወይም ሌላ፣ ውጤቱ አንድ ነው። በላተኛው የሚሠራው ግማሹን ብቻ ሲሆን፣ ግማሹን የሠራለት ወጥ ሠሪው ነው።

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። የኛም ወጥ ሥጋው በማድ ቤት ተመትሮ፣ ዶሮውም በየብልቱ ተለያይቶ ስለሚቀርብ በገበታ ላይ ቢላዋ የሚያስፈልገን ለቍርጥ ሥጋ ብቻ ነው። እንጀራ ለጣታችን የሚሠራውን ሥራ ለቻይናውያንና ለጃፓኖች የሚሠራላቸው የሚያያዘው ሩዝ ነው። የሩዝ መያያዝም የራሱ ምክንያት አለው። አሚሎስ የተባለው የስታርች ዓይነት በሚያንስበት ሩዝ ውስጥ ፍሬዎቹ ሲበስሉ ይጣበቃሉ፤ በሚበዛበት ውስጥ ግን ይለያያሉ። የጃፓንና የኮሪያ አጭሩ ሩዝ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ በሕንድ የሚወደደው ረጅሙ ሩዝ ከሁለተኛው ወገን ነው። የታይላንድ ሰዎች ለቻይና ቅርብ ሲሆኑ በማንኪያና በሹካ ይበላሉ፤ በእንጨት የሚጠቀሙት ባብዛኛው ኑድልስ ሲበሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ምግቡን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ የዘርን ድንበር ተከትሎ አይሄድም ማለት ይቻላል።

የእንጨቱም መልክ ከየአገሩ ምግብና ገበታ ጋራ የተስማማ ነው። የቻይና እንጨት ረጅም ነው፤ ወደ 25 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ጫፉም ደልደል ያለ ነው። በመሐል ገበታ ከተቀመጡት የጋራ ሳህኖች ላይ ማንሣት ስላለበት ርዝመቱ ይፈለጋል። የእጀታው ወገን ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ስለ ሆነ በገበታ ላይ አይንከባለልም። የጃፓን እንጨት አጠር ብሎ ጫፉ የሾለ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ምግቡ በየራሱ ዕቃ ስለሚቀርብለት ረጅም አያስፈልገውም፤ የዓሣ አጥንት ለመልቀም ግን ሹል ጫፍ ይፈልጋል። የኮሪያ እንጨት ብዙውን ጊዜ ከብረት የተሠራና ጠፍጠፍ ያለ ሲሆን፣ ሁልጊዜ ከረጅም ማንኪያ ጋራ ይቀርባል፤ ኮሪያዎች ሩዝንና ሾርባን በማንኪያ ይበላሉና። የቬትናም እንጨት የቻይናን ይመስላል። እንግዲህ በአንዱ አገር የተማረ ሰው በሌላው አገር ገበታ ጥቂት መቸገሩ አይቀርም፤ በተለይ የኮሪያው ብረት ስለሚያሟልጭ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው።

3. የእጅ ድርሻ

አሁን ወደ ራሱ ትምህርት እንመለስ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው፣ የዚህ መሣሪያ ኀይል በሁለቱ ዘንጎች መተባበር ነው። ነገር ግን ሁለቱ ዘንጎች የሚሠሩት ሥራ እኩል አይደለም። የትምህርቱ ቍልፍ ይህ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን። የታችኛው እንጨት ቋሚ ነው፤ የላይኛው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

አያያዙም እንደሚከተለው ነው። የመጀመሪያውን እንጨት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ጐድጓዳ ላይ አሳርፎ፣ የፊተኛውን ወገን በቀለበት ጣት ጐን ላይ ማስደገፍ፣ በአውራ ጣትም ሥር ጫን ብሎ ማጽናት ያስፈልጋል፤ ይህ እንጨት ከዚያ በኋላ አይነቃነቅም። ሁለተኛውን እንጨት እርሳስ እንደሚያዝ አድርጎ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት መያዝ ነው። ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ሲታጠፉ ጫፉ ይወርዳል፤ ሲዘረጉ ይነሣል። የእጅ ቦታ ከእንጨቱ መሐል ከፍ ብሎ ወደ እጀታው ሊጠጋ ይገባዋል፤ የሁለቱም ጫፎች አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ እኩል መጋጠም አለባቸው።

የአሠራሩ ምሥጢር እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ ሊመሰል ይችላል። ማጠፊያው በአውራ ጣት ዘንድ ነው፤ ኀይሉ የሚሰጠው ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በሌባና በመሐል ጣት ነው፤ የሚያዘው ምግብ ደግሞ በጫፉ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የጣት ትንሽ እንቅስቃሴ በጫፉ ላይ ትልቅ እንቅስቃሴ ይሆናል፤ በአንጻሩ ግን የጣት ብርቱ ኀይል በጫፉ ላይ ደካማ ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ ይህን ባለማወቅ እንጨቱን አጥብቆ ይጨብጣል፤ ባጠበቀ ቍጥር ጫፎቹ ይተላለፋሉ፤ ምግቡም ተፈናጥሮ ይወድቃል። አስተማሪዎች ሁሉ «አላላው» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛ፣ ሁለቱን እንጨቶች አንድነት ማንቀሳቀስ፤ ሁለተኛ፣ ጫፎቹን እንደ መቀስ ማስተላለፍ፤ ሦስተኛ፣ ወደ ጫፉ እጅግ ተጠግቶ መያዝ ናቸው። ሦስተኛው ለጊዜው የሚያቀል ይመስላል፤ ነገር ግን እጁ ከምግቡ ጋራ ይነካካል፤ ጫፉም በሰፊው አይከፈትም። መለማመጃውም ከቀላል ወደ ከባድ ሊሄድ ይገባዋል። መጀመሪያ የላይኛውን እንጨት ብቻ ይዞ ማውረድና ማንሣት፤ ቀጥሎ ሁለቱን ይዞ ጥጥን ወይም ስፖንጅን የመሰለ ለስላሳ ነገር ማንሣት፤ ከዚያ የተቀቀለ የድንች ቍራጭ፣ በመጨረሻም ባቄላና ሽምብራ መልቀም ነው። ይህንን በሁለት እርሳስና በአንድ ጭብጥ ሽምብራ መፈተን ለማንም ተማሪ የሚቻል ስለ ሆነ፣ አንባቢ ቃላችንን ብቻ እንዲቀበል አንጠይቅም።

የእንጨቱ ርዝመት ለተማሪ ብዙ ያግዛል። የጃፓን ልማድ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በማዕዘን ዘርግቶ በጫፎቻቸው መካከል ያለውን ርቀት ይለካና፣ የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ ለባለ እጁ የሚስማማ ርዝመት ነው ይላል። በ1991 ስለ ሥራ መሣሪያዎች ምቾት በሚጻፍበት መጽሔት የወጣ የሁለት ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ልዩ ልዩ ርዝመቶችን በፈተና አወዳድሮ፣ ለዐዋቂዎች 240 ሚሊሜትር፣ ለተማሪ ልጆች 180 ሚሊሜትር የተሻለ መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ልጅን በአባቱ እንጨት ማስተማር፣ በአባቱ ጫማ መራመድን እንደ ማስተማር ይሆናል።

ይህ የእጅ ሥራ በዕድሜ ልክ ሲደጋገም በአካልም ላይ ምልክት ይተዋል። በ2004 የወጣና በቤጂንግ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ላይ የተደረገ የሕክምና ጥናት እንዳሳየው፣ እንጨት በሚይዘው እጅ ላይ የአንዳንድ የአውራ ጣት፣ የሌባ ጣትና የመሐል ጣት መገጣጠሚያዎች የቍርጥማት ሕመም ከሌላው እጅ በዛ ብሎ ተገኝቷል። ልዩነቱ ትልቅ ባይሆንም፣ ልማድ ከአጥንት ድረስ የሚዘልቅ መሆኑን ያስረዳል።

4. የገበታና የታላላቅ ድርሻ

በምሥራቅ እስያ ልጅ በእንጨት መብላትን የሚማረው በትምህርት ቤት በሰዓት ተመድቦለት ሳይሆን፣ በቤቱ ገበታ በየቀኑ ነው። ጃፓኖች ልጅ በተወለደ በ100 ቀን ገደማ «ኦኵይዞሜ» የተባለ ሥርዐት ያደርጋሉ፤ ሕፃኑ ገና የማይበላ ሲሆን ምግብ በእንጨት ወደ አፉ ይቀርብለታል። ትርጕሙም ዕድሜውን ሁሉ ምግብ እንዳያጣ መመኘት ነው። በእጁ እንጨት መያዝ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ3 ዓመት ግድም በኋላ ሲሆን፣ አያያዙ እስኪጸና ድረስ ተጨማሪ ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናት፣ አባት ወይም አያት ከጐኑ ተቀምጠው ያርሙታል።

የሚታረመውም አያያዙ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች «ኪራይባሺ» ብለው በአንድ ስም የሚጠሯቸው ብዙ ክልክል ነገሮች አሉ። እንጨትን በሩዝ ላይ ተክሎ መተው አይገባም፤ ይህ ለሞተ ሰው የሚቀርበውን ሩዝ ይመስላልና። ምግብን ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀባበልም አይገባም፤ ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመድ አጥንቱን የሚያነሣው በእንጨት ስለ ሆነ ነው። እንጨቱን ይዞ በሳህኖች ላይ እያንዣበቡ ማመንታት፣ ምግብን መውጋት፣ ጫፉን መላስ፣ ሳህንን በእንጨት መጐተት፣ በእንጨት ሰውን ማመልከት ሁሉ ነውር ነው። እንጨትን በሩዝ ላይ መትከል በቻይናም፣ በኮሪያም፣ በቬትናምም የተጠላ ነው። እነዚህን የማያውቅ እንግዳ ጣቱ የቱንም ያህል ቢቀለጥፍ ሙያውን ተምሯል ሊባል አይችልም።

ደግሞም በአንዱ አገር ጨዋነት የሆነው በሌላው ነውር ሊሆን ይችላል። በቻይና፣ በጃፓንና በቬትናም የሩዙን ጎድጓዳ ሳህን በግራ እጅ ወደ አፍ ማቅረብ የተገባ ነው፤ በኮሪያ ግን ሳህኑ ከገበታ መነሣት የለበትም። በኮሪያ ታናናሾች የሚጀምሩት ታላቁ ሰው ማንኪያውን ካነሣ በኋላ ነው፤ ይህንንስ የኛ ቤት ያሳደገው ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል። ቻይናዊ ባለቤትም መልካሙን ቍራጭ መርጦ በእንግዳው ሳህን ላይ በእንጨቱ ያኖርለታል፤ ይህም ከኛ ጉርሻ ጋራ የቅርብ ዝምድና ያለው የፍቅር ሥራ ነው። ሆኖም በ2003 ሳርስ የተባለው በሽታ፣ በ2020ም የኮሮና በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ በቻይና ለማውጫ ብቻ የሚሆን የጋራ እንጨት በየገበታው እንዲቀመጥ ሕዝቡ በብርቱ ተመክሯል።

ከገበታ ተግሣጽ የሚከብድ ዕጣ የገጠማቸው ግራኝ ልጆች ናቸው። በክብ ገበታ ዙሪያ ተጠጋግተው ሲቀመጡ በግራው የሚበላ ሰው ከጎረቤቱ ክንድ ጋራ ስለሚጋጭና ልማዱም ስለማይፈቅድ፣ ብዙ ልጆች ወደ ቀኝ እንዲለውጡ ይገደዱ ነበር። በ1976 «ሳይንስ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት የወጣ በታይዋን የተደረገ ጥናት፣ በግራ እጃቸው የሚበሉት ከመቶ ሰዎች 2 እንኳ እንደማይሞሉ አመልክቷል፤ በዓለም ላይ ግን ግራኞች ከ10 ሰዎች 1 ያህል ናቸው ተብሎ ይገመታል። የቀሩት የት ገቡ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ የመልሱ አንዱ ክፍል በገበታ ዙሪያ ይገኛል። በኛም አገር በግራ እጅ መብላት እንደ ነውር ስለሚቈጠር፣ ይህን ጥያቄ የሌላ ሕዝብ ጥያቄ ብቻ አድርገን ልናልፈው አንችልም።

5. የጃፓን ትምህርት ቤቶች ምስክርነት

ሦስቱ ምሰሶዎች የቱን ያህል የሚደጋገፉ መሆናቸውን የሚያሳይ ታሪክ በጃፓን ተፈጽሟል። ጃፓን በ1945 በጦርነት ከተሸነፈች በኋላ ሕዝቧ በረኃብ ተጨነቀ። ከአሜሪካ በተገኘ ርዳታ ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ይሰጥ ጀመር፤ በ1954ም የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ወጣ። ነገር ግን የሚሰጠው ዋና ምግብ ሩዝ ሳይሆን የስንዴ ዳቦ ነበር፤ ከእርሱም ጋራ ወተትና የሳህን ወጥ ይቀርብ ነበር። ለዚህ ምግብ እንጨት አልተመቸም። ስለዚህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ጫፉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ማንኪያ ለልጆች ተሰጠ፤ አንዱ መሣሪያ የሁለቱን ሥራ ስለሚሠራ ርካሽና ለማጠብ የሚቀል ነበር።

ልጆቹ ሳህኑን ከገበታ ሳያነሡ አንገታቸውን ወደ ምግቡ ደፍተው መብላት ለመዱ። ወላጆችና መምህራን «ይህ የውሻ አበላል ነው» ብለው ነቀፉት፤ ልጆች በእንጨት መብላትን የሚያበላሹት በዚህ ማንኪያ ምክንያት ነው የሚል ክርክርም ተነሣ። በ1976 ሩዝ በሕጋዊ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት ምሳ ገባ፤ ከእርሱም ጋራ እንጨት ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከዚያም በኋላ አሳቡ ስላልተቋረጠ፣ በ2005 ስለ ምግብ ትምህርት የሚደነግግ መሠረታዊ ሕግ በጃፓን ወጣ፤ በ2013ም የጃፓኖች የአመጋገብ ባህል በዩኔስኮ መዝገብ ተጻፈ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ምንድን ነው? የጃፓን ልጆች ጣት አልተለወጠም፤ የወላጆቻቸውም ደም አልተለወጠም። የተለወጠው ማድ ቤቱ ነው። ዳቦ በሩዝ ፈንታ በገባ ጊዜ መሣሪያው ተለወጠ፤ መሣሪያው ሲለወጥ አቀማመጡ ተለወጠ፤ አቀማመጡ ሲለወጥ ታላላቆች የሚያርሙት ነገር ጠፋቸው። ከ1,000 ዓመት በላይ የኖረ ሙያ በአንድ የሳህን ወጥና በአንድ ማንኪያ ሊናጋ ቻለ ማለት ነው። ዛሬም ቤተ ሰብ በአንድነት የሚቀመጥበት ጊዜ ባነሰበት ቤት፣ ለልጆች ጣት ማስገቢያ ቀለበት ያለው የመለማመጃ እንጨት ተገዝቶ ይሰጣል። ቀለበቱ ልጁን ቶሎ ያበላዋል፤ ግን ጣቱን በትክክል አያስተምረውም የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ቀለበቱ ጣትን በቦታው ቢያስቀምጥም እንጨትን በሩዝ ላይ አትትከል ብሎ አይመክርም።

6. ለኛ ስለሚሰጠው ትምህርት

ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ወደ ቻይና ሄደው ተምረዋል፤ በ2016 የተመረቀውን የአዲስ አበባና የጅቡቲን የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ በመሰለው ሥራም ላይ የሁለቱ አገሮች ሰዎች አብረው ሠርተዋል። አብሮ የሚሠራ ሰው አብሮ መብላቱ አይቀርም። ወደዚያ ገበታ የሚቀርብ ወገናችን ጣቱ እንዲታዘዝለት ጥቂት ሳምንት ልምምድ ይበቃዋል፤ ለቀረው ግን ባለቤቶቹን አስተውሎ መከተልና ታላቁ ሰው እስኪጀምር መታገሥ ይበጀዋል። እንጀራ ቈርሶ ወጥ ሳያንጠባጥብ የሚጐርስ እጅ ለማንኛውም መሣሪያ የሚያንስ አይደለም።

ደግሞም በሌላው ሕዝብ አበላል መሳቅ ምን ያህል እንደሚያስቀይም ማወቅ ይገባናል። በ2018 አንድ የኢጣልያ የልብስ ድርጅት፣ አንዲት ቻይናዊት ፒሳን በእንጨት ለመብላት ስትቸገር የሚያሳይ ማስታወቂያ ስላወጣ፣ በሻንጋይ ሊያደርገው አዘጋጅቶት የነበረው ትርኢት በሕዝቡ ቍጣ ምክንያት ቀረ። እኛም በእጃችን በመብላታችን ያልሠለጠንን ያስመሰሉን መንገደኞች ስለ ነበሩ ስሜቱ አይጠፋንም። በሹካ የሚበላው እጅን ይንቃል፤ በእጅ የሚበላው እንጨትን ያፌዝበታል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው፣ ዛሬ በእንጨት የሚበላው ሕዝብ ራሱ በእጅ ስለ መብላት ጨዋነት ደንብ የጻፈ ነበር። አንዱ መሣሪያ ከሌላው የሠለጠነ አይደለም፤ እያንዳንዱ ከየራሱ ማድ ቤት ጋራ የተወለደ ነው።

በመጨረሻ ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። የጃፓኖች ነገር የሚያስጠነቅቀን፣ የገበታ ሙያ ማንም ሳያስተውለው ሊለወጥ የሚችል መሆኑን ነው። በኛም ከተሞች ምሳውን በትምህርት ቤት በዕቃ ይዞ በማንኪያ የሚበላ ልጅ አለ፤ ቤተ ሰቡም በአንድ መሶብ ዙሪያ ሁልጊዜ አይሰበሰብም። ስለዚህ በየመጣንበት አገር፣ ልጅ በስንት ዓመቱ ከገበታ እንደሚቀርብ፣ መጀመሪያ የሚያጐርሰው ማን እንደ ሆነ፣ «ከፊትህ ብላ» ብሎ የሚያርመው ማን እንደ ሆነ፣ ግራኝ ልጅ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው አጐራረስ ነውር ተብሎ እንደሚቈጠር ከአባቶችና ከእናቶች እየጠየቅን በጽሑፍ ብንሰበስብ መልካም ይሆናል። ሥራው ገንዘብ አይፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቁታል። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ፣ ከአያቶቻችን ገበታ ብንጀምር ይቀናናል።